የኤርቪን ደመ ነፍስ

ኤርቪን ፓቬልቺክ አንዲት ቃል ነበረችው። ሌላው ሰው በመቶ ሺህ ቃል የሚቸገርበትን ዓለም እሱ በአንዷ ሲጋልብበት ኖረ። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ይባላል፤ የኤርቪን አበባዬ «ደመ ነፍስ» የምትል ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእርግብ ማኅበራችን ሲሰበሰብ ጠረጴዛው ላይ የፖም ኬክ ይቀርባል። ለደቂቃ ዞር ብለህ ስትመለስ የአንተ ሳህን ባዶ ነው፤ የኤርቪን ጢም ግን ፍርፋሪ ይዟል።

«ኤርቪን፣ የኔን ድርሻ በላኸው?»

«በደመ ነፍስ ነው፣ ሎታር» ይልሃል ዓይኑን በጨው አጥቦ። «እኔ እኮ ቁጭ ብዬ ስለ ነፋሱ እያሰብኩ ነበር። እጄ ነው የሄደው።»

«አፍህስ?»

«አፌም እጄን ተከትሎ።»

ሎታር እኔ ነኝ። የ«ቶሎ ተመለስ» እርግብ አብራሪዎች ማኅበር ጸሐፊ፣ የውድድር ሰዓቶች ጠባቂ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኤርቪን ጎረቤት። የእሱን የእርግብ ቤትና የእኔን የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ በዚያ አጥር ላይ ተደግፈን ሠላሳ ዓመት ስንጨቃጨቅ ኖረናል። ከማወራው ነገር ውስጥ ትንሽ ቅናት ብታገኙበት አትደነቁ፤ የእሱ እርግቦች የእኔን ይቀድሙ ነበር፣ ይህንንም ደብቄ አላውቅም።

ቃሏን ያመጣብን አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው። አንድ ክረምት፣ በረዶው እርግቦቹን ቤት ባስቀመጠበት ወቅት፣ ማኅበራችን ንግግር እንዲያደርግልን ጠራው። ሐኪሙ መነጽሩን እየጠረገ፣ «እርግብ አያስብም» አለን። «ካርታ አያነብም፣ መንገድ አይጠይቅም፣ ይህን ላድርግ ይህን ልተው ብሎ አይመርጥም። ከየትም አገር ብትለቁት ወደ ቤቱ የሚነዳው ደመ ነፍሱ ነው። ሳያስበው ራሱን ሲመለስ ያገኘዋል።»

ኤርቪን ከፊት ረድፍ እጁን አወጣ። በዕድሜው ሙሉ ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

«ሐኪም፣ እንግዲያው እርግቡ ቢያጠፋ ጥፋተኛ ነው?»

«የለም» አለ ሐኪሙ። «ደመ ነፍስ ጥፋት የለበትም።»

የኤርቪን ፊት ሲበራ አየሁት። ሐኪሙ እንደዋዛ ተናግሮ መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ እኛን ከቃሏ ጋር ጥሎን።

ኤርቪን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በአሥራ አራት ዓመቱ ጉድጓድ ወርዶ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ከሰል ሲቆፍር ኖረ። ጉድጓዱ ሲዘጋ ጡረታና ሳል ይዞ ወጣ። ከመሬት በታች የኖረ ሰው ሰማይ ሲያይ አይጠግብም መሰለኝ፣ በሰፈራችን ግማሹ ወንድ አንገቱን ወደ ላይ ሰብሮ ነው የሚኖረው።

ሚስቱን ትሩደንም ያገኛት በእርግብ ነው። በጎረምሳነቱ የጠፋችበትን እርግብ እያሳደደ የሰው አጥር ዘሎ ገባ። እዚያ አንዲት ልጅ እርግቧን እቅፏ ውስጥ ይዛ ቆማለች።

«የማን ናት?» አለችው።

«የኔ።»

«ያንተ ከሆነች ለምን እኔ ጋ መጣች?»

 ያን ጊዜ ቃሏን ገና አላወቃትም። ዝም ብሎ ሲያያት ጊዜ ሳቀች፣ በዓመቱ ተጋቡ።

እውነቱን ለመናገር፣ የኤርቪን ዋንጫዎች ግማሹ የትሩደ ናቸው። እሁድ እሁድ እርግቦቹ ሲጠበቁ ኤርቪን ግቢውን ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ሰው ይዞራል፤ ትሩደ ግን የተገለበጠ ባልዲዋ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ካልሲ ትሰፋለች። ከሰማዩ ጥግ ነጥብ የምታህል ነገር ብቅ ስትል ቀና ሳትል «ሰማያዊው ነው» ትላለች፤ የኤርቪንን ምርጥ እርግብ ማለቷ ነው። ሰማያዊው ነው። ከዚያ የእህሉን ጣሳ ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች፣ እርግቡም ከጣራው ወርዶ በቀጥታ በበሩ ይገባል። ይህ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በእኛ ሕግ ጣራ ላይ ያረፈ እርግብ አልመጣም ነው የሚባለው። በበሩ ገብቶ፣ የእግሩ የጎማ ቀለበት ተፈትቶ፣ ቀለበቱ ጊዜውን በሚያትመው የውድድር ሰዓት ሣጥን ውስጥ ተጥሎ ካልተዘጋበት በስተቀር አየር ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ስንት አንደኛ የሚወጣ እርግብ ጣራ ላይ ላባውን ሲያበጥር ተቀድሟል። የትሩደን ጣሳ ሰምቶ የቆየ እርግብ ግን አላውቅም።

እና ይህችን ሴት ያቺ ቃል አንገሸገሸቻት። ሃያ አምስተኛ ዓመት የጋብቻ በዓላቸውን ረስቶ ውድድር ሄደ፤ ደመ ነፍስ። ለእንግዳ የደበቀችውን ቋሊማ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ያውም ከአንሶላ ሥር፣ ፈልጎ በላ፤ ደመ ነፍስ። በእናቷ ቀብር ላይ ቄሱ ሲናገሩ አንኮራፋ። ትሩደ በክርኗ ስትወጋው «በደመ ነፍስ ነው» ሲል ቄሱ ሳይቀሩ ሰሙት።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው። ባሕር አይታ አታውቅም። እህቷ ሄድቪግ ሰሜን፣ ኖርድዳይሽ፣ ባሕሩ አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ አላት። ኤርቪን በየዓመቱ «በጋ ላይ እንሄዳለን» ይላል፤ በየዓመቱ በጋው እሁድ በእሁድ ውድድር ሆኖ ያልቃል። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ትሩደ አልጠየቀችውም። ራሷ ጣቢያ ሄዳ ሁለት የባቡር ትኬት ገዝታ መጣች። ሰኞ ሄደው በሳምንቱ ሰኞ ሊመለሱ። ኤርቪን «ይሁን» አለ፤ ሁላችንም በጆሯችን ሰምተናል።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማኅበሩ ግቢ ተቀምጠናል። ኤርቪን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ትሩደዬ፣ አንድ ነገር ሆኗል። ሰማያዊውን ለመጨረሻው ውድድር አስመዝግቤዋለሁ።»

«የመጨረሻው ውድድር መቼ ነው?»

«የነገ ሳምንት፣ እሁድ።»

«የሚቀጥለው እሁድ ሄድቪግ ጋ ነን።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ። ወረቀቱ ፊቴ ነበር፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። በደመ ነፍስ ተጻፈ።»

«ማን ጻፈው?»

«እጄ።»

ትሩደ ተነፈሰች። «ይሄ እጅህ አንድ ቀን ብቻውን ይታሰራል» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ፈገግ አለች። ነገሩ በዚያው ሊያልፍ ነበር። እኔ ግን ሁለተኛ ቢራዬ ላይ ነበርኩ፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል።

«የምን ደመ ነፍስ?» አልኩ። «ከሦስት ሳምንት በፊት ማስመሪያ ይዞ መጥቶ አይደል እንዴ የሞላው? የእርግቡን ቁጥር በቀይ፣ ስሙን በሰማያዊ። አንድ ፊደል ተበላሽቶበት ሌላ ወረቀት አስቀይሮኛል።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ትሩደ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ከሦስት ሳምንት በፊት» አለች ቀስ ብላ፣ «ትኬቱን የገዛሁ ሰሞን ነው።»

ኤርቪን እኔን አየኝ። እኔ ቢራዬን አየሁ። ትሩደ ካልሲዋን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ቲማቲሜን እያጠጣሁ ሳለ ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸውን ሰማሁ። ጆሮ ጠቢ አይደለሁም፤ ቲማቲሙ ያለው እዚያ ነው።

«ስማኝ ኤርቪን» አለች ትሩደ። ሻንጣዋ አጠገቧ ነው። «ቋሊማውን ተውኩት። የእናቴን ቀብር ተውኩት። አንተ ሁሉንም አስበህ ነው የምታደርገው፤ ስትጠየቅ የምትመልሰውን ጭምር። የማታስበው እኔን ብቻ ነው።»

«ትሩደ፣ እሱ እኮ ደመ…»

«ቃሏን ካወጣህ በዚህ ሻንጣ ነው የምልህ።»

ኤርቪን ከሻንጣው ራቅ አለ።

«ሄድቪግ ለወጥ ቤቷ ሰው ትፈልጋለች። እስከ እሁድ ማታ መልስ ስጪኝ ብላኛለች። ትኬትህ ስኳር ጣሳው ሥር ነው። ካልመጣህ እዚያው እቀራለሁ።»

«ትቀሪያለሽ ማለት፣ እስከ መቼ?»

«መቅረት እስከ መቼ አለው እንዴ?» አለችና ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። በአጥሩ ስታልፍ «ሎታር፣ ቲማቲሙን አሰጠምከው» አለችኝ። እውነትም ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል።

አሁን ኤርቪን ደነገጠ፣ አለቀሰ፣ ተከትሏት ሮጠ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ኤርቪንን አታውቁትም። እሮብ ዕለት በአጥሩ ላይ የውድድር ሰዓቱን አቀበለኝ።

«ሎታር፣ ይህን ሙላልኝ።»

«ውድድሩ እሁድ አይደል?»

«ለትሩደ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ደግሞ ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር። እኛ ዘንድ «ፈት ማድረግ» የምንለው ዘዴ አለ። ወንዱንና እንስቷን ሳምንቱን ሙሉ ትለያያቸዋለህ። ከውድድሩ በፊት ለአሥር ደቂቃ ታገናኛቸዋለህ፣ ልክ ሲሞቃቸው ትነጥላቸውና ወንዱን ቅርጫት ውስጥ ከተህ ሩቅ አገር ትልከዋለህ። ሲለቀቅ እህል አያይ፣ ውሃ አያይ፣ ክንፉ እስኪነቀል ወደ ቤቱ ይበርራል። ጨካኝ ነገር ነው፤ ግን ሁላችንም እናደርገዋለን።

«ተለያየን አይደል?» አለ ኤርቪን። «ይኸው ሦስት ቀኗ ነው። ፈት ሆናለች ማለት ነው። እስከ ዓርብ ደመ ነፍሷ ይነሳል፣ ከዚያ ማን ያስቆማታል? ስትደርስ ስንት ሰዓት እንደፈጀባት ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ኤርቪን፣ ሚስትህ እኮ ናት።»

«ያው ነው፣ ሎታር። ደም ነው፣ ነፍስ ነው።»

ሰዓቱን ሞላሁለት። ምን ላድርግ? ጸሐፊ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ከማኅበሩ ሰዎች፣ ከዳቦ ጋጋሪዋና ከቄሱ በስተቀር። ኤርቪን ቤቱን እንደ እርግብ ጎጆ አዘጋጀ። የትሩደን ወንበር ወደ መስኮቱ አዞረ፣ ትራሷን አናፈሰ፣ የምትወደውን የአተር ሾርባ በጎድጓዳ ሳህን መስኮቱ ጫፍ ላይ አስቀመጠ። ሾርባው ላይ ዝንብ እንጂ ትሩደ አላረፈችም። ከዚያ መስኮቱን ከፍቶ የስኳር ጣሳውን በማንኪያ ያንኳኳ ጀመር። ስኳሯን ማንም እንዲነካባት አትወድም፣ ሲንኳኳ ከሰገነት እስከ ምድር ቤት ትሮጥ ነበር። ሐሙስ አንኳኳ። ዓርብ አንኳኳ። ጣሳውን ሲያነሳ ትኬቱ ሥሩ ይታያል፤ ሲጨርስ መልሶ ትኬቱ ላይ ያስቀምጠዋል።

ዓርብ ከሰዓት መታገስ አቃተኝ። ማንኳኳቱ የእኔን እርግቦች ሳይቀር አሳበዳቸው።

«ኤርቪን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፈት ስናደርግ የምንልከው ማንን ነው?»

«ወንዱን።»

«እንስቷስ?»

«እንስቷ ጎጆዋ ውስጥ ሆና ትጠብቀ…»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ።

«በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት እንስት ፈት አድርገህ አበረርክ?»

ኤርቪን ማንኪያውን አወረደ። ከዚያ መስኮቱን ግማሽ ድረስ ዘጋ። «እሱ የእርግብ ነገር ነው» አለኝ በቀዳዳው። «እሁድ ይለፍና አስብበታለሁ።»

«እሁድ ካለፈ አልፏል።»

መስኮቱ ሙሉውን ተዘጋ።

እሁድ ደረሰ። ነገሩን ግልጽ ላድርገው፦ ሰማያዊው እርግቦቹ ከሚለቀቁበት ከሬገንስበርግ ቀድሞ ከገባ የዓመቱ ዋንጫ የኤርቪን ነው፤ ካልገባ የኔ ነው። የማኅበሩ ሰው በአጥሩ ዙሪያ ቆሟል። ኤርቪን በቤት ነጠላ ጫማና በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ይዞራል። የትሩደ ባልዲ እዚያው ተገልብጦ ባዶውን አለ። ኤርቪን በዞረ ቁጥር ባልዲውን ላለመንካት ሰፋ አድርጎ ይዞረዋል። አንጀቴን በላኝ፣ ግን ዋንጫውንም አልረሳሁትም።

እኩለ ቀን ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሰማዩ ጥግ ላይ ነጥብ ታየች። ማንም «ሰማያዊው ነው» አላለም። ኤርቪን ራሱ የእህሉን ጣሳ አንስቶ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ሰማያዊው ግን ማንኳኳቱን አልጠበቀም። ጣራውንም አላየ። እንደተወረወረ ድንጋይ በበሩ ገባ።

ኤርቪን ተከትሎት ገብቶ ቀለበቱን ከእግሩ ፈታ። እንግዲህ ሰዓቱ ከበሩ አጠገብ ነው፣ አንድ ክንድ አይርቅም። ቀለበቱን መጣል፣ መዝጋት፣ አለቀ። እሱ ግን በሽቦው በኩል ቆሞ ያያል። ሰማያዊው አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በርሮ፣ ምንቃሩን ከፍቶ እያለከለከ፣ ውሃውን አልፎ፣ እህሉን አልፎ፣ ጎጆዋ ውስጥ ወደምትጠብቀው እንስት ሄዶ አንገቱን ነፍቶ ይሽከረከራል። ይሰግድላታል። እንደገና ይሽከረከራል።

ኤርቪን ወጣ። በሰዓቱ አጠገብ አለፈ። በእኔ አጠገብ አለፈ። የግቢውን በር ከፈተ።

«ኤርቪን፣ ሰዓቱ» አልኩት።

እውነቱን ልናገር፤ በለሆሳስ ነው ያልኩት። ከራስ በላይ ነፋስ። ጮክ ብዬ የተናገርኩት መታጠፊያውን ካለፈ በኋላ ነው። የሌላውን ሰው ሰዓት መንካት ደግሞ በሕጉ ክልክል ነው፣ ሕጉን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ በደንብ አውቀዋለሁ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ የእኔ እርግብ ገባ። ቀለበቱን ጣልኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ኤርቪንና ትሩደ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ሌላኛው ሲዋሽ እያረሙ።

ኤርቪን ራሱን ባቡር ውስጥ አገኘው። ትኬቱ ስኳር ጣሳው ሥር ነው። ትኬት ቆራጩ ሲመጣ ኪሱን ዳሰሰ፣ ምንም የለም። ብብቱ ሥር የእህል ጣሳ አለ። እጁን ሲዘረጋ መዳፉ ላይ የጎማ ቀለበት ብቻ ተገኘ። ትኬት ቆራጩ ቀለበቱን አገላብጦ አየ።

«ከየት የመጣ ነው?»

«ከሬገንስበርግ።»

«በስንት ሰዓት ገባ?»

«እኩለ ቀን ሳይሆን።»

«በዛሬው ነፋስ?» አለ ትኬት ቆራጩ። አባቱ ካስትሮፕ በሚባል ከተማ እርግብ ያበርሩ ነበር። ቀጥሎ የኤርቪንን ነጠላ ጫማ አየ፣ ጣሳውን አየ፣ ፊቱን አየና ቀለበቱን መልሶ መዳፉ ውስጥ አስቀመጠለት። «አባቴም አንድ ቀን እንዲህ ሆነው ነበር» ብሎ ወደሚቀጥለው ፉርጎ ሄደ።

በመንገድ ላይ ኤርቪን ለራሱ ማለ። ቃሏን አይጠቀምም። ትሩደ አስብ ብላዋለች፣ ስለዚህ አስቦ ይናገራል። እስከ ኖርድዳይሽ ድረስ ንግግሩን እንደ ትምህርት ቤት ልጅ በቃሉ ሲያጠና ሄደ።

ትሩደ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ሽሪምፕ የሚባሉ ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት ትልጣለች። ሄድቪግ በላይዋ ላይ ቆማ፣ «እንግዲህ እሁድ ማታ እየሆነ ነው» እያለች ትነዘንዛታለች። ቀና ሲሉ ኤርቪን ደጃፉ ላይ ቆሟል። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ የባሕሩ ውሃ ለሰዓታት ሸሽቶ ጭቃ በቀረበት በኩል አቋርጦ ነው የመጣው።

«ባሕሩን አየኸው?» አለችው ትሩደ። ከስድስት ቀን በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው።

«የት ነው?» አለ ኤርቪን ዞር ዞር ብሎ።

«በመሃሉ ነው እኮ የመጣኸው።» ሽሪምፑን አስቀመጠች። «ለምን መጣህ?»

ኤርቪን ጉሮሮውን ጠረገና ያጠናውን ጀመረ። «አስቤበት ነው። አንደኛ፣ ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ሁለተኛ፣ ቤት ያለ ሴት አይሆንም። ሦስተኛ፣ ነገሩን በሁሉም በኩል መርምሬ…»

የትሩደ ፊት ጠቆረ። በንግግሩ የሰማችው የምዝገባውን ማስመሪያና ሁለቱን ቀለም ነው። እምባዋ መጣ፣ ፊቷን ወደ ሄድቪግ አዞረች። ወጥ ቤቱን እወስደዋለሁ ልትል አፏን ስትከፍት ዓይኗ ወደ መሬት ወረደ። ነጠላ ጫማውን አየች። አንደኛው እግሩ ላይ የለም፣ ጭቃው በልቶታል።

«በዚህ ነው ከቤት የወጣኸው?»

ኤርቪን እግሩን አየ። ገና አሁን ማየቱ ነበር።

«ብብትህ ሥር ያለው ምንድነው?»

«ጣሳ ነው… የእህሉ ጣሳ።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«አላውቅም።»

«እጅህን ክፈት።»

ከፈተ። ሠላሳ አራት ዓመት ቀለበት ስትቀበል የኖረች ሴት ናት፤ ከሩቅ አወቀችው።

«የሰማያዊው ነው። ስንት ሰዓት ገባ?»

«ለስድስት አሥር ጉዳይ።»

«አንደኛ?»

«አንደኛ።»

«ሰዓቱ ውስጥ አልጣልከውም?»

ኤርቪን ቀለበቱን አየው፣ እሷን አያት። ያጠናው ሁሉ ከአፉ ጠፋ። «አላውቅም፣ ትሩደ። እርግቡ ገባ፣ እሷ ትጠብቀው ነበር። ከዚያ ባቡር ውስጥ ነኝ። መሃሉን አላውቀውም።»

«ይሄ ምን ይባላል?»

ኤርቪን ቃሏን ላይጠቀም ምሏል።

«ኤርቪን፣ ምን ይባላል?»

«ምንም አይባልም» አለ ኤርቪን አንገቱን ደፍቶ። «መጣሁ፣ በቃ። ስም የለውም።»

ትሩደ ሳቀች። አጥር ዘሎ የገባ ጎረምሳ እርግቧን እቅፏ ውስጥ ያየባት ቀን እንደሳቀችው። «አየሽ ሄድቪግ» አለች እምባዋን በሽሪምፕ እጇ እየጠረገች፣ «ለቋሊማ፣ ለኬክ፣ ለእንቅልፍ ሲያወጣው ኖሮ፣ እውነተኛው ሲመጣበት አላወቀውም።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ታሰላለች።

«ለአሥራ ሁለት ሃያ ጉዳይ። ከቤት እዚህ ድረስ በደቂቃ ስድስት መቶ ሰባ ሜትር። የሎታር አንድ ዓይናዋ አሮጊት እርግብ እንኳ ከዚህ ትፈጥናለች።»

«ሁለት ቦታ ባቡር ቀይሬ ነው» አለ ኤርቪን።

«ታዲያ ደጃፉ ላይ ምን ትጠብቃለህ?» አለች ትሩደ። ጣሳውን ከብብቱ ወስዳ በጣቷ ሁለት ጊዜ አንኳኳችው። «ጣራ ላይ ያረፈ አልመጣም። ግባ።»

ገባ።

ሄድቪግ ለወጥ ቤቷ ሌላ ሰው ፈለገች። እነሱ አንድ ሳምንት እዚያው ቆዩ፤ ትሩደ ባሕሩን ጠገበች፣ ኤርቪን በእህቷ ባል ሰፋፊ ጫማ እየተንሻተተ ተከተላት። እርግቦቹን ያበላሁት እኔ ነኝ። ዋንጫውም እኔ ጋ ነው። ሳሎን ነበር ያስቀመጥኩት፤ ሲመጡ ማንም ምንም አይለኝም፣ ትሩደ ብቻ አቧራውን በመሐረቧ ትጠርግልኛለች። አሁን ምድር ቤት አውርጄዋለሁ።

ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያው ስብሰባ የፖም ኬክ ቀረበ። ሰዓቶቹን ልቆልፍ ዞር ብዬ ስመለስ ሳህኔ ባዶ ነው። የኤርቪን ጢም ላይ ፍርፋሪ አለ። ሁላችንም ቃሏን ጠበቅን። ኤርቪን ትሩደን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«አስቤበት ነው የበላሁት፣ ሎታር» አለኝ። «ትንሽ አይደለም ያሰብኩበት።»